በልጄ ፋንታ እምቢ የሚል ወረቀት

በጤናዬ ስለ መሞቴ ማሰብ የጀመርኩት ባለፈው ክረምት ነው። እስከዚያ ድረስ ያላሰብኩት ደፋር ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ ጊዜ አጥቼ ነው። ካናዳ ውስጥ፣ ዳውንታውን ካልጋሪ አንድ ረጅም የቢሮ ህንጻ ላይ ጥገና እሠራለሁ። አንዱ ፎቅ ሞቀን ሲል ሌላው በረደን ይላል፤ አስራ ሰባተኛ ፎቅ ያሉት ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይላሉ። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ የዋለ ሰው ሞትን የሚያስታውሰው ጡረታ ሲደርስ ነው። እኔም ስልሳ አራት ሞላኝና፣ ጡረታና ሞት በአንድ ሰሞን ተያይዘው እንዳይመጡብኝ የአንዱን ጣጣ ቀደም ብዬ ልጨርስ አልኩ።

ያለን ነገር አቢዴል የሚባል ሰፈር ያለው ቤታችንና ትንሽ ቁጠባ ነው። ቤቱን ባለቤቴ ጥሩነሽና እኔ የገዛነው ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ ነው። የባንኩን ዕዳ፣ ሞርጌጁን፣ ጨርሰን የከፈልን ቀን ጥሩነሽ ግድግዳውን በእጇ መታ መታ አድርጋ፣ አሁን ገና የኛ ሆንክ አለችው። እስከዚያ ድረስ ሚስማር ስመታ እንኳ ባንኩን አስፈቅድ ነበር የምትለኝ።

ልጆቻችን ሁለት ናቸው። ትልቋ ሩት ፋርማሲስት ናት፣ ሲቲስኬፕ የሚባል ሰፈር ትኖራለች። ሩት ምንም ነገር የማይጠፋባት ሰው ናት። ኩሽናዋ ገብታችሁ የበርበሬውን ብልቃጥ ብታነሱ የተፈጨበት ቀን ተጽፎበታል። ቤቷ ስሄድ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ አልቀመጥም፤ እኔም ላይ አንድ ነገር እንዳትለጥፍብኝ እፈራለሁ።

ታናሽየው ናሆም ነው፤ ሰላሳ አንድ ዓመቱ። አይጠጣም፣ አይቆምርም፣ ሥራውን በሰዓቱ ይገባል። የናሆም ችግር አንድ ብቻ ነው፤ ሰው ሲጠይቀው እምቢ ማለት አይችልም። አንድ ክረምት እናቱ ጥሩ ወፍራም ኮት ገዛችለት። በሳምንቱ ከሲ ትሬን ባቡር ወርዶ በሹራብ ብቻ እየተንቀጠቀጠ መጣ። ኮቱስ ስንለው፣ ጣቢያው ላይ አንድ ሰው በርዶት ነበር አለ። አንተስ ስንለው፣ እኔማ ቤት አለኝ አለ። ሌላ ጊዜ መኪናውን ለሥራ ባልደረባው ለአንድ ቅዳሜና እሁድ አውሶ ሦስት ወር በአውቶብስ ተመላለሰ። ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ለአንድ ጓደኛው የትራክ ብድር ኮሳይን ማድረጉ፣ ዋስ ሆኖ መፈረሙ ነው። ጓደኛው ትራኩን ይዞ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር፣ ወደ ቢሲ ሄደ፤ የባንኩ ደብዳቤ ግን ናሆም ጋ ቀረ። አጥር የሌለውን ደግነት የመንደሩ ከብት ሁሉ ይግጠዋል። እኔና ጥሩነሽ ስናልፍ የቤቱ ግማሽ በዚህ ልጅ እጅ ሲገባ ይታየኝና፣ አንድ የማላውቀው ሰው ሳሎናችን ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ቲቪ ሲያይ ይታየኛል።

እንዲህ እያብሰለሰልኩ ሳለ እድራችን ስለ ኑዛዜና ውርስ የምታስረዳ ጠበቃ ጋበዘ። ሊዲያ ትባላለች፤ እዚሁ ካልጋሪ የተወለደች የኛው ልጅ ናት። እንግሊዝኛዋ እንደ ውሃ ይፈሳል፣ አማርኛዋ ግን እንደኔ ህንጻ ሊፍት አልፎ አልፎ ይቆማል። ለልጆቻችሁ ንብረት በቀጥታ ከመስጠት እምነት ውስጥ ማስቀመጥ ትችላላችሁ አለችን። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው፣ እኛ ድሮም በእምነታችን የጸናን ሰዎች ነን፣ ይልቅ የቱ እምነት ውስጥ ነው የምታስገቢን ብለው ጠየቁ። አዳራሹ ተንጫጫ። በመጨረሻ ከኋላ አንድ ሰው ትረስት ማለቷ ነው፣ እንደ አደራ ያለ ነገር ነው ብሎ ገላገላት።

ነገሩ ሲገባን ቀላል ነበር። ቤቱ ወይም ገንዘቡ በልጁ ስም አይሆንም። ባለአደራ ይይዘውና ልጁ ሲያስፈልገው እያየ ይሰጠዋል፤ ለትምህርት ቢሆን፣ ለህክምና ቢሆን፣ ለመኖሪያ ቢሆን። ልጁ ቢፋታ፣ ሥራው ቢከስርበት ወይም ለሰው ፈርሞ ዕዳ ውስጥ ቢገባ፣ አደራ ላይ ያለውን ማንም መጥቶ በቀላሉ አያነሳውም። ለሰው ፈርሞ ስትል ጥሩነሽና እኔ ተያየን። ወደ ቤት ስንመለስ ጥሩነሽ፣ እናድርገው፣ ግን ሞት የሚለውን ቃል ሳትጠራ ጨርሰው አለችኝ።

ሊዲያ ቢሮ ሄድን። ወንበር ሰጥታን፣ እስክሪብቶዋን አንስታ፣ በጣም በአክብሮት ወደ እኔ ዞረችና፣

"አንቺ ስትሞቺ ቤቱ ለማን ይሄዳል?" አለችኝ።

ጥሩነሽ ከንፈሯን ነክሳ ወደ መስኮቱ ዞረች። ልጅቷ ላይ አልፈርድም። አማርኛ የተማረችው እናቷ ሲያናግሯት እየሰማች ስለሆነ፣ በዓለም ላይ ያለ ሰው ሁሉ አንቺ ነው የሚመስላት። ላርማት አስቤ ነበር፤ ግን ስለ ሞቴ እየተጠየቅሁ ስለ ሰዋስው መከራከር አሳፈረኝ። ሩብ ሰዓት እንደቆየን ለምጄው፣ አንቺ ሲባል ጥሩነሽ ቀድማ ብትመልስ ቅር እስኪለኝ ደረስኩ።

እቅዳችን ይህ ነበር። ሩት ድርሻዋን በእጇ ትወስዳለች። የናሆም ድርሻ አደራ ይገባና ባለአደራዋ ሩት ትሆናለች። ሊዲያ ሁሉንም ጻፈች፤ ግን ሩት ባትችል የሚተካ ሰው ያስፈልጋል፣ እሱንም አስቀድማችሁ ጠይቁት አለችን። ወረቀቱ በወሩ መጨረሻ እንደሚያልቅም ነገረችን። ለልጆቹ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ እንነግራቸዋለን አልን። ያበላሸን ይህ ነው።

ለምትክነት ያሰብኩት ጋሽ መኮንንን ነው። የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ምስጢር በመያዝ የታወቁ፣ የሰው ችግር የሚከብዳቸው ሽማግሌ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መኪናቸው ውስጥ ገባሁ። ማሞቂያውን ከፍተው ሞተሩ እስኪሞቅ ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ ነገሩን በወግ ልጀምር ብዬ፣ እንግሊዝኛውን ትቼ ባማረ አማርኛ ተናገርኩ። የዚህ ሁሉ መከራ ምንጭ ያ ያማረ አማርኛ ነው።

"ጋሽ መኮንን፣ አደራ የምሰጥዎት ነገር አለኝ። እኔ ሳልፍ ናሆምን ከእርስዎ በቀር የሚይዝልኝ የለም።"

ማሞቂያውን ዝቅ አደረጉት።

"ጥሩነሽ ታውቃለች?"

"አብረን ሄደን ነው የነገሩን።"

"ልጆቹስ?"

"ገና አልሰሙም። ሲያልቅ ይሰማሉ።"

መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጠረጉት። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው፣ "መቼ ነው አሉህ?" አሉኝ።

"በዚህ ወር መጨረሻ ያልቃል ነው ያለችው።"

ጋሽ መኮንን እጄን ያዙኝ። እኔ የአደራው ክብደት ነው ብዬ ልቤ ተነካ፤ እንዲህ ያለ ሰው ማግኘት መታደል ነው አልኩ። ስወርድ ለማንም እንደማይናገሩ ማሉልኝ። ለምን መማል እንዳስፈለገ ሳልጠይቅ አመስግኜ ወጣሁ።

መሐላቸውንም ጠብቀዋል። የነገሩት ለባለቤታቸው ብቻ ነው፤ ለሚስት መናገር ደግሞ እንደ መናገር አይቆጠርም። ባለቤታቸው ለአንዲት ጓደኛቸው ብቻ ነገሩ። ጓደኛቸው ለማን ብቻ እንደነገሩ አላውቅም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ደጄ ላይ በረዶ ስዝቅ፣ ሁለት የእድር ሰዎች ከመኪና ወርደው እየሮጡ መጡና አካፋውን ከእጄ ቀሙኝ። አንዱ ክንዴን ይዞ ደረጃውን አወጣኝ፤ ሌላው ያላለቀውን መዛቅ ጀመረ። ካልጋሪ ውስጥ ሰው መጥቶ በረዶ ሲዝቅልህ አይጠየቅም። ዝም ብዬ ገባሁ።

ቀጥሎ ሴቶቹ በድስት በድስት ምግብ ይዘው መጡ። አንዷ ለደም ጥሩ ነው ብለው የቀይ ስር ጭማቂ በትልቅ ጠርሙስ አመጡ። ሁሉም ሲገቡ ደህና ነህ የሚሉኝ ቃሉን እየጎተቱ፣ ራሳቸውን ወደ ጎን ዘንበል እያደረጉ ነው። ከሳህ አሉኝ። በዚያው ሳምንት ቀበቶዬን አንድ ቀዳዳ አስፍቼ ነበርና ደስ አለኝ። ቅዳሜ ስለሆነ ሰው ናፍቆን የመጣ መስሎኝ እየበላሁ አጫወትኳቸው። አንዷ እናት ጎናቸው ላሉት፣ የታመመ ሰው እንዲህ ይበላል እንዴ ብለው በሹክሹክታ ሲጠይቁ፣ የመጨረሻው ሰሞን ላይ ምግብ ይከፈትላቸዋል ብለው ሌላዋ ሲመልሱላቸው ሰማሁ። ስለ ማን እንደሆነ አልገባኝም፤ አዘንኩለት።

ያባነነኝ የጥሩነሽ ፊት ነው። አንዲቷ እንግዳ አቅፈው አይዞሽ ብለዋታል። ጥሩነሽ እጄን ይዛ ልብስ ማጠቢያው ክፍል አስገባችኝና በሩን ዘጋች።

"ለሰው ነግረህ ለእኔ የደበቅኸው ምንድን ነው?"

ምንም አልደበቅሁም አልኩ። ታዲያ ኑዛዜ ኑዛዜ ብለህ ያጣደፍከኝ ለምንድን ነው አለች። ሸሚዜን ጨምድዳ ያዘች። ከተጋባን አርባ ዓመት ሊሆነን ጥቂት የቀረን ሰዎች ነን፤ እንዲህ ስትሆን ያየኋት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ደህና መሆኔን ምዬ ተገዘትኩ። አላመነችኝም። የደም ግፊት መለኪያዋን አምጥታ ሦስት ጊዜ ለካችኝ። በሦስተኛው ከፍ አለ፤ ያን ጊዜ ማን ከፍ አይልበትም።

የምናውቀውን አገጣጥመን ወሬው ከጋሽ መኮንን መነሳቱ ጋ ስንደርስ የደጁ ደወል ተደወለ። ሩት ናት፤ አንድ ሰማያዊ ፎልደር ይዛለች። ሰላም ሳትለኝ የምወስደውን መድኃኒት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ አለችኝ። ፋርማሲዋ የመጣ ደንበኛ ነው የነገራት። ከኋላዋ ናሆም ገባ። ጫማውን አውልቆ፣ በእንግዶቹ መሐል አልፎ መጥቶ፣ እግሬ ስር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ልጅ ሆኖ እንኳ እንዲህ አይቀመጥም ነበር። ወሬው እሱ ጋ ሲደርስ በሽታው ስም አውጥቶ ኩላሊት ሆኗል።

"አባዬ፣ የኔን ውሰድ" አለኝ። "አይ ሚን ኢት። ጎግል አድርጌ አየሁት፣ በአንድ መኖር ይቻላል። ሰኞ ከሥራ ኦፍ ነኝ።"

ሰው በሕይወቱ ብዙ ጊዜ ያፍራል። እኔ ግን እንደዚያ ቀን ያፈርኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ይህ ልጅ ያለውን ሁሉ ለሰው ይሰጣል ብዬ ከገዛ ድርሻው ልጠብቀው ጠበቃ ቤት ስመላለስ፣ እሱ ኩላሊቱን ይዞ መጣ። ለዚያውም ፈረቃውን አመቻችቶ። የሳሎኑ ሰው ሁሉ እያለቀሰ ነው። መዋሸት ቢቻል ኖሮ ትንሽ ታምሜ ነበር ብዬ እገላገል ነበር። ሩት ግን ፎልደሯን ከፍታ እየጠበቀች ነው፤ ሩት ፊት በሽታ መፍጠር አይቻልም።

እናም ሁሉንም ተናገርኩ። አለመታመሜን፣ ሊዲያን፣ ትረስቱን፣ ጋሽ መኮንንን። ለምን የናሆም ድርሻ ብቻ አደራ እንደሚገባም ጭምር፤ ስጀምር ማቆሚያውን አጣሁት። እንግዶቹ አንድ በአንድ ኮታቸውን አነሱ። ድስታቸውን ይዘው ለመሄድም ትተው ለመሄድም ተቸግረው፣ አብዛኞቹ ተዉት። የቀይ ስሩ ባለቤት ግን ጠርሙሳቸውን ወሰዱ።

ናሆም ከምንጣፉ ተነሳ። አልጮኸም።

"ትረስት ስለማታደርገኝ ነው ትረስት የምታደርግልኝ?" አለኝ።

ወጥቶ አካፋውን አነሳና የቀረውን በረዶ ጨረሰ። ከዚያ የግራውን ጎረቤት ደጅ ዛቀ። ከዚያ የቀኙን። ጥሩነሽ በመስኮት እያየችው፣ ይሄ ልጅ ሲናደድ እንኳ ለሰው ነው የሚሠራው አለች። መኪናውን አስነስቶ ሲሄድ ሁለታችንም ዞር አላልንም።

ሩት አብራን ቀረች። እሷ እንኳ ትረዳኛለች ብዬ፣ አንቺ ባለአደራ ስለሆንሽ ድርሻውን በደንብ ትይዢለታለሽ አልኳት። ፎልደሯን ዘጋችው።

"አባዬ፣ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው መጥቶ ለጥርስ ሐኪም ስጪኝ ብሎ እኔን ሊጠይቀኝ ነው? እኔ ደግሞ እስቲ ደረሰኙን ልየው ልለው ነው? ቤቱን ትሰጡትና እህቱን ትወስዱበታላችሁ።"

እውነቷን ነው። እኔ ስለ ቤቱ ሳስብ ልጆቹን ረስቼ ነበር። ሁልጊዜ የሚደዋወሉት እሱ ቸገረኝ ብሎ ሳይሆን እሷ ሲደክማት እንደሆነ እንኳ ያወቅሁት ያን ቀን ስትነግረን ነው። የበርበሬ ብልቃጧ ላይ ቀን የምትጽፈው ሩት የሚያስቃት ሰው እሱ ብቻ ነው።

ለሁለት ሳምንት ናሆም ለእናቱ ብቻ ደወለ። እኔ ሥራ ቦታ ማሞቂያ ስጠግን በሃሳብ አንድ ቫልቭ ተሳስቼ ብዘጋ፣ አስራ ሰባተኛ ፎቅ በአንድ ድምፅ በረደን አለ። ጋሽ መኮንን ደግሞ ጤነኛ መሆኔን ሲሰሙ ምስጋና ለእግዚአብሔር አሉና ለጥቂት ቀን ስልኬን አላነሱም፤ ያለቀሱት እንባ አናዷቸው ይመስለኛል።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ናሆም ደወለልኝ። ጠበቃዋ ጋ መቼ ነው የምትሄዱት፣ እኔም እመጣለሁ አለ። ድምፁ ላይ ቁጣ የለም። ተስማምቶ ይሁን ሊያስቆመኝ አላወቅሁም፤ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ።

አራታችንም ሊዲያ ቢሮ ተደርድረን ተቀመጥን። ናሆም ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በአማርኛ ተናገረ። ባለፈው ሳምንት ሥራ ቦታ አንድ ሰው ኮሳይን አድርግልኝ ሊለው ሲጀምር፣ ሰውዬው ሳይጨርስ እሺ ሊለው አፉን ከፈተ። ከዚያ እኔ ያልኩት ትዝ አለውና ላስብበት አለ። በሕይወቱ የመጀመሪያ ላስብበት መሆኑ ነው። ቤቱ ሄዶ፣ ደውዬ እሺ ልበለው እያለ ስልኩን ሲያነሳና ሲያስቀምጥ አመሸ።

"እምቢ ማለት አልችልም፣ አውቃለሁ" አለ ወደ እኔ ሳያይ። "ወረቀቱ እምቢ ይበልልኝ። 'የኔ አይደለም፣ ትረስት ውስጥ ነው' እላለሁ። ዋሸሁ አይባልም፣ ሰውም አይቀየመኝም።"

ከዚያ ሩት፣ ለእሱ ብቻ ከሆነ ቅጣት ነው፣ ለእኔም እኩል አድርጉት፣ ያኔ የቤተሰብ ደንብ ይሆናል አለች። ሊዲያን በደስታ እንግሊዝኛዋ አመለጣት፤ ብዙ ቤተሰብ እዚህ ለመድረስ ዓመት ይፈጅበታል አለችን። ባለአደራነቱን ይህንኑ ሥራው አድርጎ ለያዘ አንድ የሂሳብ ባለሙያ ሰጠነው፤ ናሆምን የማያውቅ፣ ሩትንም የማያውቅ፣ አማርኛም የማያውቅ፣ ስለዚህ በአማርኛ ተለምኖ የማይላላ ሰው። የጋሽ መኮንንን ዕድሜ ሊዲያ ጠይቃኝ ነበር፤ ስነግራት እስክሪብቶዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች፣ እኔም ገባኝ።

ልጆቹ ከወጡ በኋላ አንድ ነገር ቀርቷል አለች። ለባለአደራው ደብዳቤ ይጻፋል፤ በሕግ አያስገድደውም፣ ግን የወላጆችን ልብ እንዲያውቅ ይረዳዋል። ሳምንት ሙሉ ከጥሩነሽ ጋር ጻፍነው። ሊዲያ ፊደል ስለማታነብ እኔ እያነበብኩላት እሷ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ስለ ሩት አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ዕረፍት ወጥታ መሄድ ሲኖርባት ገፋ አድርጉልን የሚል። ስለ ናሆም ይህን ጻፍን። ለሌላ ሰው ብሎ ከጠየቃችሁ አንድ ጊዜ እምቢ በሉት። ተመልሶ ከመጣ ግማሹን ስጡት። ለራሱ ብሎ የጠየቃችሁ ቀን ግን ምንም ሳትጠይቁ ሁሉንም ስጡት፤ ለራሱ ጠይቆ አያውቅምና፣ ያን ቀን በእርግጥ ቸግሮት ነው።

ሊዲያ መጻፏን አቆመች። ይሄ እኮ ጠቅላላውን ያላላዋል፣ ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ ነዎት ጠብቁልኝ ያሉት አለችኝ። አንቱ ማለት ከየት እንደተማረች አላውቅም። ጥሩነሽ እንዳለ ይሁን አለቻት፤ እኔም እንዳለ ይሁን አልኩ።

ደብዳቤው ታሽጎ ሊዲያ ካዝና ውስጥ ነው። ናሆም የሚሰማው እኛ ስንሄድ ብቻ ነው። ለእናንተ የነገርኳችሁም አማርኛ ማንበብ ስለማይችል ነውና፣ እባካችሁ ማንም ተርጉሞ እንዳይነግረው።